የእቴቴ ወንበር

«አልነሳም አልኩህ! ስንቴ ልንገርህ?»

«እናቴ፣ እኔስ ስንቴ ልንገርዎት? ብቻውን የሚቀመጥ ሰው የለም። ከኋላ ክፍት ቦታ አለ፤ ከአንድ መምህር አጠገብ።»

«ብቻዬን መስዬ ታየሁህ? ይህ የእህቴ ወንበር ነው። የተያዘ ነው።»

አስጎብኚው ወንበሩን አየው። በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ነው። አንድ ብርቱካንማ ሻርፕ ታጥፎ ተቀምጦበታል። ሌላ ምንም የለም።

«እህትዎ...» አለና ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። «እህትዎ አርፈዋል እኮ፣ እናቴ። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ወንበሩ የሷ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ኧረ እንሂድ! ሽማግሌ ይላክ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በእውነት የሆነ ነው። ያላመነ አብረውኝ የተጓዙትን ይጠይቅ። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ... እነሱ ሌላ ነው የሚሏችሁ። «ሁላችንም በሰላም ሄደን በሰላም ገባን» ነው የሚሏችሁ። አልዋሹም። ያዩትን ነው የሚናገሩት። ከመካከላቸው ለአንዷ ደውዬላት ነበር፤ ድምፄን አላወቀችውም።

ያ ጠብ የተነሳው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፣ ሹፌሩ መስታወቱን እየወለወለ ያፏጫል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጨለማ አትጠብቁ። ሁሉም ነገር የሆነው በቀን ብርሃን ነው።

ጉዞው ረጅም ነበር። ድንበር እየተሻገርን፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው፣ በየብስ። መጀመሪያ ዝናብ የማያቋርጥበት ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከዚያ ፏፏቴዎቹ፣ ከዚያ በጀልባ የምንሻገረው ትልቅ ወንዝ። በመጨረሻ ደግሞ የጥንት ሰዎች ጥለውት የሄዱት፣ ዛፍ የዋጠው የድንጋይ ከተማ።

የመረጠችው እቴቴ ናት። እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት።

እኔና እሷ ልብስ ሰፊዎች ነን። አንድ ጠባብ ሱቅ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የተማሪ ዩኒፎርም። እሷ ትለካለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ደንበኛ የምታጫውተው፣ የምታሾፈው፣ የምትቆጣው እሷ ናት። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ አንገቴን ደፍቼ መኪናዬን እነዳለሁ።

አልፎ አልፎ አንድ ሰው ትዝ ይለውና «እህትሽስ?» ይላታል።

እቴቴ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ «አለች!» ትላለች።

በቃ። ዕድሜ ልኬን መኖሬን የመሰከረችልኝ እሷ ናት።

ጉዞው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሞተች። ሰው ሁሉ «ቅሪ» አለኝ። እኔ ግን ባዶ ሱቅ ውስጥ ከሁለት መኪና ጋር ከምቀመጥ፣ እሷ ልታየው የፈለገችውን አይቼላት ልምጣ አልኩ። ሻርፗን ያዝኩና ወጣሁ። ጠርዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

አሁን አስጎብኚው ለምን ከወንበሬ ሊያስነሳኝ እንደፈለገ ልንገራችሁ።

እሱ ሰው አይቆጥርም። ድሮ ይቆጥር ነበር አሉ። አንድ ቀን ቆጥሮ «ሞልቷል» ብሎ ሲነሳ፣ ለካ የሌላ አውቶቡስ ሰው ተሳስቶ ገብቶ የራሱ ሰው ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ ቁጥር አላምንም አለ። አሁን ከየማረፊያው ስንነሳ በሩ ላይ ቆሞ «ጎረቤት!» ብሎ ይጣራል። እያንዳንዱ ሰው አጠገቡ ለተቀመጠው ይመልሳል። «አለ!» «አለች!» «አሉ!» ... ለራስ መመለስ ክልክል ነው።

ሹፌሩ ሁልጊዜ «ለእኔስ ማን ይመስክርልኝ?» ይላል።

«ጥሩንባህ!» ይሉታል በአንድ ድምፅ።

ለእኔ የሚመሰክር ሰው አልነበረም። ጠቡም ይኸው ነበር።

በመጨረሻ አስጎብኚው እጁን አነሳ። «እሺ፣ እናቴ። አሸነፉኝ። እኔ ራሴ እየመጣሁ አይዎታለሁ። እንዳይሰወሩብኝ ብቻ።»

እውነትም እየመጣ ያየኝ ነበር። ከየማረፊያው ስንነሳ ሌላው ሁሉ ከመለሰ በኋላ መተላለፊያውን ይዞ ይመጣና ጎንበስ ይላል።

«አሉ፣ እናቴ?»

«አለሁ።»

ልደብቃችሁ አልፈልግም... ብዙ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ የሚወጣው ቃል እሱ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሰው ሲስቅ ወደ ጎረቤቱ ነው የሚዞረው።

እኔ ወደ ሻርፑ እዞራለሁ።

ደኑ ውስጥ የገባን ቀን ዝናብ ነበር። በዛፎቹ መካከል ከፍ ብሎ የተወጠረ የገመድ ድልድይ ላይ ተራመድን። ከታች ቅጠል እንጂ መሬት አይታይም። እኔ መጨረሻ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሁሉም ተቀምጠው ካልሲያቸውን ይጨምቃሉ።

«ጎረቤት!»

«አለ!» «አለች!» «አሉ!» ...

አስጎብኚውን ጠበቅኩት። ልብሴን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

አልመጣም።

ወደ እኔ ወንበር አቅጣጫ አየት አደረገ፣ አውራ ጣቱን አነሳ፣ በሩን ዘጋ። ሄድን።

ምሳ ላይ ያዝኩት።

«ዛሬ ምነው ሳታየኝ?»

«እህትዎ መለሱልኝ እኮ።»

«ማን?»

«እህትዎ ናቸዋ። ‹አለች!› አሉኝ።»

ፊቱን አየሁት። ቀልድ የለበትም። ሙዙን እየላጠ ነበር። ልጣጩን ጣለና ሄደ።

በሞተ ሰው ይቀለዳል? ጠብ ያላነሳሁት እንባዬ ስለቀደመኝ ነው። ወደ አውቶቡሱ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ሻርፑን አንስቼ ፊቴን ልጠርግ ስል...

ሻርፑ እርጥብ ነበር።

እኔ ከአውቶቡሱ አላወጣሁትም። መስኮቱም ዝግ ነው።

ከኋላዬ ከባሏ ጋር የምትቀመጥ አንዲት ነርስ ነበረች። ፈገግታ የማይለያት ልጅ ናት። በማግስቱ፣ ፏፏቴዎቹን አይተን ወንዙን በጀልባ ከተሻገርን በኋላ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«እህትዎ ግን እንዴት ያሉ ተጫዋች ናቸው!»

ሻርፑን አየሁት።

«ትናንት ዝናቡን ተጠልለን ሳለ አዩኝ፣ አዩኝና ‹አንቺ ልጅ፣ ግራ ትከሻሽ ዝቅ ብሏል፤ ቦርሳ የምትሸከሚው በእሱ ነው። የተሰፋ ኮት አትግዢ፣ አስለክተሽ አሰፊ› አይሉኝም? ባሌ ሳቀብኝ!»

ዞሬ አየኋት።

ግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሏል። የአንድ ጣት ያህል። ዶክተር አያየውም፣ እናቷ አታየውም። ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ስፌት ላይ እንጂ ልኬት ላይ ዓይኔ አይበረታም። እስከዚያች ደቂቃ አላየሁትም ነበር።

«የት... የት አለች?» አልኩ።

«እህትዎ? አሁን ወረዱ እኮ! ያውና፣ ወደ...»

ዘልዬ ወረድኩ። ጉልበቴን ረሳሁት። አሸዋው ላይ ሮጥኩ። ጀልባዎች፣ የሚደርቅ መረብ፣ አንድ የተኛ ውሻ።

ሰው የለም።

ስመለስ ነርሷ በመስኮት በኩል ሳቅ እያለች «ተላለፋችሁ!» አለችኝ። «አሁን ገቡ።»

ሻርፑ ወንበሩ ላይ ነበር። እንደታጠፈ።

እቴቴ በሕይወቷም እንደዚሁ ነበረች። ገበያ ስንሄድ ቀድማኝ ትሄዳለች፣ ዞር ብላ አታይም፣ እኔ እየሮጥኩ እከተላታለሁ።

ፈራሽ ወይ ብትሉኝ... አልፈራሁም።

ቀናሁ።

ሰው ሁሉ እህቴን አያት። ሰው ሁሉ ከእህቴ ጋር ሳቀ። እኔ ብቻ አላየኋትም። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ስዳስሰው ይሞቃል፤ ሰው አሁን እንደተነሳበት ዓይነት። መስኮቱ ላይ ትንፋሽ አለ። እኔ ግን ድምጿን እንኳ አልሰማም።

አውቶቡሱ ሲሄድ፣ ሰው ሲያንቀላፋ ወደ ወንበሩ ጠጋ እላለሁ።

«እቴቴ...» እላለሁ በሹክሹክታ። «ለእኔስ?»

ዝም።

«አንድ ቃል። ስደቢኝም ይሁን።»

ዝም።

ያኔ ነው ሌላው ነገር የጀመረው።

በሆቴሉ ምግብ ቤት አስተናጋጁ ሁለት ሳህን ይዞ መጣ። አንዱን ከፊቴ ካለው ባዶ ወንበር ፊት አስቀመጠ፣ እጅ ነስቶ ጎንበስ አለ። ሌላውን ይዞት ተመለሰ። ጠራሁት። አልሰማኝም። ተነስቼ ክንዱን ስይዘው ደነገጠ። «ይቅርታ... ሰው ያለ አልመሰለኝም» አለ።

ጠዋት ተጓዦቹ ሲያልፉ «እንዴት አደሩ?» ይላሉ፣ ወደ መስኮቱ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የምለው እኔ ነኝ። ማንም መልሴን የሚጠብቅ የለም። ከእኔ ወዲያ ያለ ነገር አዳምጠው፣ ስቀው ያልፋሉ።

ድንበር ላይ ደግሞ ፓስፖርት ላይ ማህተም የሚመታው መኮንን ከትከሻዬ ባሻገር ላለ ሰው ፈገግ አለ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ መስኮቱን ዘጋ። እኔ ፓስፖርቴን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። መስታወቱን ደጋግሜ አንኳኳሁ። ሲከፍተው ዓይኑን አጥብቦ፣ ሩቅ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ነው ያየኝ።

አንድ ከሰዓት አስጎብኚው መጣ። ደስ አለኝ፤ ሊያየኝ የመጣ መስሎኝ።

«እህትዎ መልእክት ሰጥተውኛል» አለ። ዓይኑ እኔ ላይ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ጎን ነው። «‹ልብሷ ሰፍቷታል፤ ታጥብበው› ብለዋል።»

እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ።

እውነት ነበር። ያን ቀሚስ በመርፌ ካጠበብኩት ገና ቀን አልሞላውም። እንደገና ሰፍቷል። ምግብ አልቀነስኩም። አልታመምኩም።

እንደገና አጠበብኩት። ክሩ እስኪያልቅ።

የድንጋዩ ከተማ የደረስነው በመጨረሻው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ ትፋጃለች። የዛፍ ሥር ግድግዳውን ሰንጥቆ ገብቷል፤ ንጉሥ ተቀምጦበት ነበር የተባለው አዳራሽ ጣሪያው ሰማይ ነው። በሩ ላይ ትኬት ቆራጩ በትንሽ ክፍሉ ውስጥ ያንቀላፋል። እኛ ብቻ ነን የዚያ ቀን እንግዶች።

አስጎብኚው ስለ ግንቡ ያስረዳል። «ይህን ሕዝብ ምን እንዳጠፋው አይታወቅም» ይላል። «ጦርነት የለም፣ እሳት የለም። ቤቶቹ ውስጥ ዕቃው ሁሉ እንደተቀመጠ ተገኘ። ሰው ብቻ ነው የጠፋው።»

ሹፌሩ «ጎረቤት ሳይጠሩ ቀርተው ነው» አለ። ሳቁ።

ነርሷ ወደ እኔ መጣች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እኔ አካባቢ።

«እህትዎ ታች ጉድጓዱ ጋ ናቸው» አለች። «‹ትምጣ› ብለዋል።»



«እኔን?»

ሄዳለች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እቴቴ ካረፈች ወዲህ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ አገር፣ እኔን ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። ማን ይቀራል?

ደረጃውን ወረድኩ። ሽበት የመሰለ ሣር የበቀለበት ደረጃ ነው። ታች አንድ ክብ የውኃ ጉድጓድ አለ፣ አፉ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ። ወፍ እንኳ አይጮህም።

«እቴቴ?»

ሰው የለም።

በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ግን የልብስ ሰፊ ሜትር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቢጫ። ጫፉ የተበላ። እቴቴ ስታስብ ጫፉን ትነክሰዋለች። ስትቀበር አንገቷ ላይ ነበር። ያደረግኩላት እኔ ነኝ።

አነሳሁት። ሞቃት ነው። ፀሐይ ነው ያሞቀው አልኩ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም... በወገቤ ዙሪያ አዞርኩት። እሷ እንደምትለካው፣ ጫፉን በአውራ ጣቴ ይዤ። አየሁት።

ቁጥሩን አልነግራችሁም።

ጥሩንባ ተነፋ።

ሜትሩን ጣልኩና ወደ ላይ ሮጥኩ። ደረጃው አላደከመኝም። ምንም ክብደት አልነበረኝም። ስወጣ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አስጎብኚው ጀርባውን ሰጥቶኝ መወጣጫው ላይ ነው። ድንጋይ ብወረውር እመታዋለሁ። ያን ያህል ቅርብ ነበርኩ።

«ጎረቤት!»

«አለ!» «አለች!» «አሉ!» ...

«ለእኔስ ማን ይመስክርልኝ?»

«ጥሩንባህ!»

አፌን ከፈትኩ። «ቆዩኝ» ልል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

ያኔ ሰማኋት።

«አለች!»

ከእኔ መስኮት። ያ ድምፅ። ትንሽ የሻከረ፣ የቸኮለ፣ ዞር ብሎ እንኳ የማያይ ሰው ድምፅ። ሱቃችን ውስጥ፣ ደንበኛ ፊት ቆማ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ እንደምትለው።

«አለች!»

ደስ አለኝ።

ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ደስ አለኝ። አፈር ከተመለሰባት ቀን ጀምሮ የለመንኩት ያን ድምፅ ነው። እግሬ እንደተተከለ ቀረ። ብጮህ ድምፄ ድምጿን የሚሸፍነው መሰለኝ። ዝም ብል አንዴ ትደግመዋለች አልኩ። አንዴ ብቻ።

አፌን ዘጋሁ። ጠበቅኩ።

አስጎብኚው አውራ ጣቱን አነሳና በሩን ዘጋው።

አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ዞረ። በአጠገቤ አለፈ፤ አቧራው ፊቴ ላይ መጣ። ነርሷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ዓይኗ በግንቡ ላይ አለፈ፣ በዛፉ ላይ አለፈ፣ በእኔ ላይ አለፈ... ቀጥሎ ባለው ድንጋይ ላይም አለፈ።

ከፊቷ ባለው መስኮት ብርቱካንማው ሻርፕ ይታያል። እቴቴ አንገት ላይ ተጠምጥሟል። ፊቷ ወደ ውስጥ ስለሆነ አላየሁትም። እየሳቀች ነው፣ ትከሻዋ ይነቃነቃል።

ከእሷ ወዲያ፣ በእኔ ወንበር ላይ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አንገቷን ደፍታለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ የሆነ ነገር እየሰፋች እንደሆነ።

አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ደረሰ።

ትኬት ቆራጩ ነቃ፣ ተዛጋ፣ መስኮቱን ዘጋ። ሰንሰለቱን በሩ ላይ አጥልቆ ቆለፈ። በአጠገቤ ሲያልፍ ትንሽ ዘወር አለ፤ ሰው ከመንገዱ ላይ ያለ ድንጋይ ሳያስብ እንደሚዞር። ብስክሌቱን ይዞ፣ እያዜመ፣ ቁልቁል ወረደ።